የዳክዬና የዝይ የዘር ፈሳሽን ለሰው ሰራሽ ማዳቀል የማቆየት ዝርዝር መመሪያ

የወፍ እንቁላል በአስኳል የተሞላ ግዙፍ ህዋስ በመሆኑ፣ የከብት ወይም የበግ ፅንስ በሚቀመጥበት መንገድ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አቆይቶ በሕይወት መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ቁጥሩ የተመናመነን የዳክዬ ወይም የዝይ ዝርያ በጥበቃ ሥር የሚያራባ ባለሙያ ለመጪው ትውልድ ሊያስቀምጠው የሚችለው፣ ከሁሉም ይልቅ ለእጁ ቅርብ የሆነው ነገር የወንዱ የዘር ፈሳሽ ነው። ጥንዶቹ በባሕርይ ሳይስማሙ ቢቀሩ፣ ወንዱ እግሩ ተጎድቶ መስረር ቢያቅተው፣ ወይም ሴቷ በሌላ አገር በሚገኝ ማራቢያ ብትኖር እንኳ በአግባቡ የተያዘ ዘር ሊተላለፍ ይችላል። በአሜሪካ ከ1967 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ የነበረው የአሉሺያን ካናዳ ዝይ የዘር ፈሳሹን በማቀዝቀዝ ላይ የተሠራ ጥናት በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመለት የዱር ዝይ ነው። በእርባታ በኩልም በታይዋንና በፈረንሳይ ሙስኮቪ ከሚባለው የዳክዬ ዓይነት ወንድና ከተራ ሴት ዳክዬ የሚገኘው መካን ዲቃላ በአብዛኛው የሚፈለፈለው በሰው ሰራሽ ማዳቀል ነው።

ይህ መመሪያ ከወንዱ አያያዝ ጀምሮ እንቁላሉ እስከሚመረመርበት ጊዜ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ከመነሻው ሊታወቅ የሚገባው፣ ናይትሮጅን የተሰጠውን ነገር ባለበት ያቆማል እንጂ የተበላሸውን አያስተካክልም የሚለው ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ከማቀዝቀዣው በፊት፣ በአሰባሰብ፣ በንጽሕናና በስሌት ላይ በመሆኑ፣ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍልም በእነዚህ ላይ ያተኩራል።

ሥራው ከሴቷ ይጀመር

ብዙዎች ወንዱን ይዘው የተገኘውን ሁሉ ካቀዘቀዙ በኋላ ለስንት ሴቶች እንደሚበቃ ማስላት ይጀምራሉ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። አንዲት የቤት ዝይ በትኩስ ዘር ስትዳቀል በየሳምንቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን የሚደርሱ፣ ሕያውና ቅርፃቸው ያልተዛባ የዘር ህዋሳት ያስፈልጓታል ብሎ መነሳት ይቻላል። ዘሩ ከቅዝቃዜ የወጣ ከሆነ መጠኑን በእጥፍ ማሳደግ ወይም በሳምንት ሁለት ጊዜ ማዳቀል ይገባል፤ ምክንያቱም ከቅዝቃዜ የተረፉት ህዋሳት ቢንቀሳቀሱም በሴቷ የእንቁላል ቱቦ ውስጥ ባሉት የዘር ማከማቻ እጢዎች የሚቆዩበት ጊዜ ያጥራል።

ወንድ ዝይ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ክምችቱም በአንድ ሚሊ ሊትር ጥቂት መቶ ሚሊዮን ህዋስ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ ቅርፃቸው ጤናማ የሆኑት ከግማሽ በታች ሊሆኑ ይችላሉ። ለምሳሌ 0.3 ሚሊ ሊትር ተሰብስቦ ክምችቱ 500 ሚሊዮን፣ ሕያውና ጤናማው ድርሻ 45 በመቶ ቢሆን፣ በእጅ ያለው ጠቃሚ ህዋስ 67.5 ሚሊዮን ብቻ ነው። በእኩል መጠን ማቅጠኛ (ዘሩን የሚያቀጥንና የሚጠብቅ ፈሳሽ) ተጨምሮበት ሲቀዘቅዝ 0.25 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ስትሮዎችን (ዘር የሚቀመጥባቸው ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች) ይሞላል። ከቀለጠ በኋላ ግማሹ ቢተርፍ፣ ከእያንዳንዱ ስትሮ የሚገኘው 14 ሚሊዮን ገደማ ነው። 80 ሚሊዮን ለሚጠይቅ አንድ ማዳቀል ስድስት ስትሮ ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ስሌት በወቅቱ መጀመሪያ የሠራ ሰው ስንት ወንድ መያዝና ስንት ጊዜ መሰብሰብ እንዳለበት ያውቃል፤ ያልሠራ ግን ወቅቱ ካለፈ በኋላ በናይትሮጅን ታንኩ ውስጥ ያለው ለአንዲት ሴት እንኳ እንደማይበቃ ይረዳል። የተራ ዳክዬ ወንድ በክምችት፣ የሙስኮቪ ወንድ ደግሞ በመጠን ከዝይ የተሻለ ስለሆነ ስሌቱ ለእነርሱ ቀለል ይላል።

በዚሁ የዕቅድ ደረጃ የዘር ፈሳሽ ምን ሊመልስ እንደማይችልም መታወቅ አለበት። በወፎች ዘንድ ሁለት የተለያዩ የፆታ ክሮሞሶሞች ያላት ሴቷ በመሆኗ፣ በወንዱ ዘር ውስጥ የሴቷ ልዩ ክሮሞሶምም ሆነ ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዘረ መል አይገኝም። አንድ ዝርያ ፈጽሞ ጠፍቶ በቅርብ ዘመዱ ሴቶች አማካይነት ከተቀመጠ ዘር ይመለስ ቢባል፣ የመጀመሪያው ትውልድ ግማሹን ይይዛል፤ ሴቶቹ ልጆች በየትውልዱ በተቀመጠው ዘር ሲዳቀሉ ድርሻው 75፣ 87.5፣ 93.75 በመቶ እያለ ያድጋል፤ የእናት መስመሩ ግን የባዕድ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ የዘር ባንክ በሕይወት ያሉ ሴቶችን ከመጠበቅ ጋር ጎን ለጎን እንጂ በእነርሱ ምትክ ሊታሰብ አይገባም። የወንዶቹን ቁጥር በተመለከተ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ለቤት እንስሳት ዝርያዎች ቢያንስ 25 ለጋሽ ወንዶች እንዲኖሩ ይመክራል። በዱር ዝርያ ላይ ይህ ቁጥር ሁልጊዜ አይገኝም፤ በዚያ ጊዜ ዝምድና የሌላቸውን ወንዶች ማስቀደም፣ ከአንዱ ብዙ ከመሰብሰብም ከእያንዳንዱ ጥቂት መውሰድ ይሻላል።

ወንዶቹን ማዘጋጀት

የውሃ ወፎች ዘር የሚያፈሩት በወቅት ነው። የቀኑ ብርሃን ርዝመት የወንዱን የዘር ፍሬ ስለሚያሳድግና ስለሚያሟሽሽ፣ የመራቢያው ወቅት ከመግባቱ በፊት ወንዱን ከሰው እጅ ጋር ማለማመድ ይገባል። ልምምዱ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሰዎችና በተመሳሳይ ቦታ ይካሄድ። አንዳንዱ በጥቂት ቀናት ይለምዳል፤ ሌላው ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ጨርሶ የማይለምድም አለ። የፈራ ወፍ ኩሱን ስለሚለቅና ጡንቻውን ስለሚያጠብቅ በኃይል የተገኘ ዘር በአብዛኛው የቆሸሸ ነው። ማስገደድ ለወፉም ለሥራውም ጎጂ በመሆኑ ያልተረጋጋውን ወንድ ለዕለቱ መተው ትክክለኛው ውሳኔ ነው።

ከመሰብሰቡ በፊት ለጥቂት ሰዓታት መኖ ማንሳት የኩሱን መጠን ይቀንሳል፤ ውሃን ግን ለረጅም ጊዜ መከልከል አይገባም፤ ትንንሽ ዝርያዎችንም ማስራብ አደገኛ ነው። በክሎአካው (ኩስ፣ እንቁላልና ዘር በሚወጡበት የጋራ ቀዳዳ) ዙሪያ ያሉትን ላባዎች ማሳጠርና አካባቢውን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ብዙ ችግር ያስቀራል። የውሃ ወፎች የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ተፈጥሯዊ ተሸካሚዎች ስለሆኑና ፈሳሽ ናይትሮጅን ህዋሳትን እንደሚያቆይ ሁሉ ቫይረሶችንም ስለሚያቆይ፣ ለጋሾቹ ወንዶች ከመሰብሰቡ በፊት በእንስሳት ሐኪም መመርመር አለባቸው።

አሰባሰብ

ባሮውስና ክዊን በ1937 እ.ኤ.አ. ለዶሮና ለተርኪ ያስተዋወቁት ሆድን የማሸት ዘዴ ለዝይም በጥቂት ለውጥ ያገለግላል። ረዳቱ ወፉን በጉልበቱ ወይም ለስላሳ ነገር በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ፣ ጅራቱ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ፣ ክንፎቹ ሳይጨነቁና ደረቱ ሳይጫን ይይዛል፤ ወፍ የሚተነፍሰው ደረቱን በማንቀሳቀስ ስለሆነ ደረቱን አጥብቆ መያዝ ሊያፍነው ይችላል። ሰብሳቢው በአንድ እጁ ጀርባውን ከክንፎቹ ሥር እስከ ጅራቱ በዝግታ እየደጋገመ ይደባብሳል፤ በሌላው እጁ ከክሎአካው በታች ያለውን ለስላሳ ሆድ ያሻል። ክሎአካው ሲያብጥና ሲጠነክር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከሥሩ በመጠኑ ይጫናል። በዚህ ጊዜ ጠመዝማዛው ብልት ይወጣል፤ ዘሩም በብልቱ ላይ ባለው ቦይ ይወርዳል።

በዚህ ቅጽበት የሚፈሰው ሁሉ ዘር አይደለም። ጠንክሮ የተጫነ ወፍ ውሃ የመሰለ ግልጽ ፈሳሽ አብሮ ይለቃል፤ እርሱም ዘሩን ያቀጥነዋል፣ የማቆያ ጊዜውንም ያሳጥረዋል። ስለዚህ ነጩ ወይም የወተት ክሬም የመሰለው ፈሳሽ ብቻ በንጹሕና ደረቅ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ብልቃጥ ተቀብሎ፣ ግልጹ ፈሳሽ ሲጀምር ብልቃጡን ወዲያው ማንሳት ያስፈልጋል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለም የኩስ፣ ነጭ ቅንጣት የሽንት ዝቃጭ፣ ቀይ ደግሞ የደም ምልክት ነው። የቆሸሸውን ዘር ከንጹሑ ጋር መቀላቀል ሁለቱንም ያበላሻል፤ የተገኘው ጥቂት ሆኖ መጣሉ ቢያሳዝንም መጣል አለበት። የወጣው ብልት ንጹሕ ሆኖ ወደ ቦታው መመለሱ ሳይረጋገጥ ወፉ መለቀቅ የለበትም፤ በአፈርና በጭድ የተነካ ብልት ይቆስላል።

ሙስኮቪ ወንዶች ለማሸት እምብዛም ምላሽ አይሰጡም። ለእነርሱ የሚመረጠው ሴት ዳክዬ አቅርቦ ወንዱ ሊሰርራት ሲል ብልቱን ወደ ሰው ሰራሽ የሴት ብልት መቀበል ነው። ይህ ዘዴ የሚሰጠው ዘር ከማሸት ይልቅ ንጹሕ ስለሆነ ለተራ ዳክዬም የሚመርጡት አሉ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን በሳምንት ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ መሰብሰብ በቂ ነው።

ምርመራ

ዘሩ በተሰበሰበ በደቂቃዎች ውስጥ መጠኑ ይለካ፣ ቀለሙ ይታይ፣ ጠብታውም በማይክሮስኮፕ ይመርመር። የእንቅስቃሴው ግምት ትርጉም የሚኖረው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሙቀትና በአንድ ዓይነት ማቅጠኛ ሲታይ ብቻ ነው። ክምችቱ በፎርማሊን በተቀላቀለ የጨው ውሃ 200 ጊዜ ቀጥኖ በሂሞሳይቶሜትር (ህዋስ ለመቁጠር በተሰመረ መስታወት) ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኢኦሲንና ኒግሮሲን በተባሉ ቀለሞች የተቀባ ስላይድ ላይ ቢያንስ 200 ህዋስ መቁጠር ነው። የሞቱት ሐምራዊ ቀለም ይይዛሉ፤ ሕያዋኑ ነጭ ሆነው ይታያሉ። የወፍ የዘር ህዋስ ቀጭንና ረጅም ክር መሰል ቅርፅ ስላለው ጭንቅላቱ ያበጠ፣ አንገቱ የታጠፈ ወይም መካከለኛ ክፍሉ የወፈረ ህዋስ በቀላሉ ይለያል። በዝይ ዘር ውስጥ ያልበሰሉ ህዋሳት ብዙ ስለሚገኙ፣ ሕያው የሆነውን ሁሉ ጠቃሚ ብሎ መቁጠር ትልቅ ስህተት ነው። መጠኑን በክምችቱ፣ ያንንም በሕያውና ጤናማ ህዋሳት ድርሻ ማባዛት ቀደም ሲል የታየውን ስሌት ይሰጣል፤ ወንዶችንም እርስ በርስ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ቁጥር የለም።

ማቅጠንና ለአጭር ጊዜ ማቆየት

ያልቀጠነ የወፍ ዘር በክፍል ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ጥራቱን አይጠብቅም። ስለዚህ ወዲያው በእኩል መጠን ወይም በእጥፍ ማቅጠኛ መቀላቀል አለበት። ለዶሮና ለተርኪ ተዘጋጅቶ ለውሃ ወፎችም የሚውለው የቤልትስቪል ማቅጠኛ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ፍሩክቶስ 5.0 ግራም፣ ሶዲየም ግሉታሜት 8.67 ግራም፣ ዳይፖታሲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ትራይሃይድሬት 12.7 ግራም፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.65 ግራም፣ ሶዲየም አሲቴት ትራይሃይድሬት 4.30 ግራም፣ ቲኢኤስ (የአሲድነት መጠኑን የሚያረጋጋ ውህድ) 1.95 ግራም፣ ፖታሲየም ሲትሬት 0.64 ግራምና ማግኒዥየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት 0.34 ግራም ይይዛል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7.5፣ ኦስሞላሊቲው (የሟሙት ነገሮች ክምችት) ደግሞ 333 ሚሊኦስሞል ገደማ ነው። ማግኒዥየሙ ለብቻው ሟሙቶ በመጨረሻ በዝግታ ቢጨመር ከፎስፌቱ ጋር ተዋሕዶ የመዝቀጥ ዕድሉ ይቀንሳል። ማቅጠኛውና ዘሩ በሚቀላቀሉበት ጊዜ በተቀራራቢ ሙቀት ላይ ይሁኑ፤ ማቅጠኛው በጠብታ ይጨመር፤ ብልቃጡም በእርጋታ እንጂ በኃይል አይወዝወዝ።

ሴቶቹ በዚያው ግቢ ወይም የጥቂት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ካሉ በናይትሮጅን ማቀዝቀዝ አያስፈልግም። የቀጠነው ዘር ቀስ ብሎ ወደ 4 ወይም 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይውረድና በተቻለ መጠን በስድስት ሰዓት ውስጥ ይዋል። እስከ 24 ሰዓት ማቆየት የሚቻልበት ጊዜ ቢኖርም የመዳቀል ዕድሉ በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የወፍ የዘር ህዋስ ኦክስጅን ስለሚፈልግ አፉ ድረስ ሞልቶ በጥብቅ በተከደነ ብልቃጥ ከማስቀመጥ ይልቅ ሰፊ ዕቃ ውስጥ በስሱ ተዘርግቶ በዝግታ ቢነቃነቅ ይመረጣል።

ማቀዝቀዝ

ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ ግሊሰሮል የዘር ህዋስን ከቅዝቃዜ እንደሚጠብቅ በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳወቁበት ግኝት የወፍን ዘር ጭምር የሚመለከት ነበር። ሆኖም በወፎች ላይ ግሊሰሮል ትልቅ ችግር አለበት፤ ህዋሱ በደንብ እየተንቀሳቀሰ እንኳ በሴቷ ቱቦ ውስጥ ማዳቀልን ይከለክላል። ስለዚህ ከማዳቀሉ በፊት ክምችቱ ከ1 ወይም 2 በመቶ በታች እስኪሆን ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት በማሽከርከር በሚለይ መሣሪያ) መወገድ አለበት፤ ይህ ሂደት ራሱ ብዙ ህዋሳትን ይገድላል። ዘሩ ጥቂት በሆነበት በዝይ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ኪሳራ መሸከም ስለሚከብድ፣ እንደ ግሊሰሮል ከቅዝቃዜ የሚጠብቅ ግን መወገድ የማያስፈልገው ዳይሜቲል ፎርማማይድ ወይም ዳይሜቲል አሲታማይድ ተመራጭ ነው።

በቤት ዝይ ላይ ጥሩ ውጤት ያሳየው መንገድ የሚከተለው ነው። የቀጠነው ዘር በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። ከዚያ በዚያው ሙቀት ላይ ዳይሜቲል ፎርማማይድ በመጨረሻው መጠን 6 በመቶ እንዲሆን ይጨመራል። ኬሚካሉ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ስለሚያመነጭ በቀጥታ በዘሩ ላይ ማንጠባጠብ አይገባም፤ አስቀድሞ በማቅጠኛ 12 በመቶ ሆኖ ተዘጋጅቶና ቀዝቅዞ በእኩል መጠን ከዘሩ ጋር ቢቀላቀል 6 በመቶ ይሆናል። በዚህ አካሄድ ዘሩ ይበልጥ ስለሚቀጥን የመጀመሪያው ማቅጠኛ በመጠኑ ይቀነስ። ኬሚካሉ ለህዋሱ መርዝነት ስላለው ከተጨመረ በኋላ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም፤ ስትሮዎቹ ቀድመው ተጽፎባቸውና ቀዝቅዘው መጠበቅ አለባቸው። ዳይሜቲል ፎርማማይድ በሰው ቆዳም ውስጥ ያልፋል፤ ፅንስንም ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው፤ ሥራው በጭስ ማውጫ ሥር ይከናወን፤ ኬሚካሉ የነካው ጓንትም ወዲያው ይለወጥ።

የተሞላውና የታሸገው ስትሮ በፕሮግራም በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ በደቂቃ 60 ዲግሪ እየወረደ እስከ 140 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይደርሳል፤ ከዚያም 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ይገባል። ማሽኑ ከሌለ ወፍራም የፎም ሣጥን ውስጥ ናይትሮጅን ሞልቶ፣ ስትሮዎቹን ከፈሳሹ ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ በእንፋሎቱ ውስጥ አጋድሞ ለደቂቃዎች ማቆየትና ከዚያ ማጥለቅ ይቻላል። የቅዝቃዜውን ፍጥነት የሚወስነው ከፍታው ስለሆነ አንድ ስትሮ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሽቦ አስገብቶ መለካት፣ ተስማሚውን ከፍታ ካገኙ በኋላም አለመለወጥ ያስፈልጋል። ብርቅ በሆነ ወፍ ዘር ላይ ከመጀመር በፊት በቤት ዝይ ወይም በተራ ዳክዬ ዘር ላይ ሙሉውን ሂደት መሞከር ግዴታ ነው።

አንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 700 ሊትር ጋዝ ስለሚለወጥ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሳይታወቀው ኦክስጅን አጥቶ ሊወድቅ ይችላል። አየር በደንብ የሚዘዋወርበት ክፍል፣ የኦክስጅን መለኪያ፣ የፊት መከላከያና የቅዝቃዜ ጓንት ሊኖሩ ይገባል። በደንብ ያልታሸገ ስትሮ ናይትሮጅን ከገባበት ሲሞቅ ሊፈነዳ ስለሚችል በሚወጣበት ጊዜ ዓይን መሸፈን አለበት።

ማቅለጥና ማዳቀል

ከእያንዳንዱ ስብስብ አንድ ስትሮ በማግስቱ ቀልጦ ሕያው ህዋሱ ይቆጠር፤ ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ከሆነ ስብስቡ ቦታ መያዝ የለበትም። ለማቅለጥ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በ60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለሰከንዶች፣ ሌላው በ5 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ ለደቂቃዎች ማቆየት ነው። ሙቅ ውሃው ፈጣን ቢሆንም ስትሮው ጥቂት ሰከንድ ከዘገየ ህዋሱ ይቃጠላል፤ እጁ ያልለመደ ሰው በቀዝቃዛው ቢጀምር ይሻለዋል። የቀለጠው ዘር በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሴቷ መግባት ስላለበት ሴቷ ከመያዟ በፊት ስትሮ ከታንክ አይውጣ።

ዳክዬዎች በአብዛኛው በሌሊትና በማለዳ ስለሚጥሉ የማዳቀያው ሰዓት ከጣሉ በኋላ ረፋድ ላይ ይሁን። ቅርፊቱ የጠነከረ እንቁላል በቱቦዋ ውስጥ ካለ ዘሩ ወደ ላይ አያልፍም፤ እንቁላሉም ሊሰበር ይችላል። የውሃ ወፎችን የእንቁላል ቱቦ እንደ ዶሮ በመጫን ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በቅባት የለሰለሰ ጣት ወደ ክሎአካው ገብቶ በወፏ ግራ በኩል ያለውን የቱቦ አፍ ይፈልጋል፤ ቀጭኑ ማዳቀያም ጣቱን ተከትሎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይገባል። መንገዱ ከተዘጋበት በኃይል አይገፋ። ዘሩ በሚለቀቅበት ጊዜ በሆዷ ላይ ያለው ጫና ይነሳ፤ አለዚያ ተመልሶ ይወጣል። ለዝይ በየ6 ቀኑ፣ ለዳክዬ በየ3 እስከ 5 ቀኑ ይደገማል፤ ሙስኮቪ ወንድና ተራ ሴት ሲዳቀሉ የመዳቀል ዕድሜው ስለሚያጥር በሳምንት ሁለት ጊዜ አስፈላጊ ነው።

እንቁላሉን መመርመርና መዝገብ

የመጀመሪያው ማዳቀል ከተደረገ በኋላ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የተጣሉ እንቁላሎች ለመፈልፈያ ይሰብሰቡ። ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን በብርሃን ሲታዩ ባዶ የመሰሉት ተሰብረው ይመርመሩ፤ ጨርሶ ያልዳበረውና ዳብሮ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞተው ከውጭ አንድ ዓይነት ቢመስሉም መፍትሔያቸው የተለያየ ነው። ያልዳበረው ስለ ዘሩና ስለ ማዳቀሉ፣ የሞተው ደግሞ ስለ እንቁላሉ አቀማመጥ፣ ስለ መፈልፈያው ወይም ስለ ዝምድና ይናገራል። አስኳሉን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሲታይ የዘር ህዋሳት የበሱት ቀዳዳ ካለ፣ እንቁላሉ ባይዳብር እንኳ ዘሩ እስከዚያ መድረሱ ይረጋገጣል።

በእያንዳንዱ ስትሮ ላይ የዝርያው ምልክት፣ የወንዱ የእግር ቀለበት ቁጥርና የተሰበሰበበት ቀን ይጻፍ። ክምችቱ፣ ጤናማው ድርሻ፣ የማቅጠኛው ዓይነት፣ የቀለጠው ስትሮ ውጤትና በታንኩ ውስጥ ያለበት ቦታ በመዝገብ ይያዝ፤ የመዝገቡም ቅጂ ከታንኩ ክፍል ውጭ ይቀመጥ። ከየወንዱ የተቀመጠው ዘር በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች በሚገኙ ታንኮች ተከፍሎ ይቀመጥ፤ የምርመራ ውጤት የሚጠባበቅ ስብስብም ከሁለቱም ተለይቶ በራሱ ታንክ ይቆይ። ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትን ንግድ በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይተስ) የሚጠበቅ ዝርያ ከሆነ ዘሩም እንደ ወፉ ሁሉ ድንበር ለመሻገር ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ ማመልከቻው የመራቢያው ወቅት ከመግባቱ ወራት ቀደም ብሎ መግባት አለበት፤ የናይትሮጅን ማጓጓዣ ዕቃ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለቀናት እንጂ ለወራት ስላልሆነ ዘሩ ከታንክ የሚወጣው ፈቃዱ በእጅ ከገባ በኋላ ብቻ ነው።